ጊታርን በቀጥታ ኮምፒውተር ላይ መቅዳት፦ ከርካሾቹ አማራጮች የትኛው ያዋጣል?

ጊታሩ አለ፣ ላፕቶፑም አለ፤ የቀረው በሁለቱ መካከል የሚገባው ዕቃ ነው። አማራጩ ብዙ ነው፦ ተራ የጃክ መቀየሪያ፣ አንድ ጫፉ ዩኤስቢ የሆነ የጊታር ኬብል፣ ብዙዎች ሳውንድ ካርድ የሚሉት ኦዲዮ ኢንተርፌስ፣ ዩኤስቢ ያለው መልቲ ኢፌክት (ብዙ ኢፌክት የያዘ ሳጥን) ወይም አምፕ (የጊታር ማጉያ)፣ ዲአይ ቦክስ (የጊታርን ድምፅ ለማይክ ግብዓት የሚያመቻች ሳጥን)። ሁሉም ድምፅ ያስገባሉ፤ ስለዚህ «ይሠራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ አንዱን ከሌላው አይለይም። የሚለዩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ጊታሩ የሚሰካበት ቀዳዳ ለጊታር ተብሎ የተሠራ መሆኑ ነው። ሌላው ክሩ ከተመታበት ቅጽበት አንስቶ ድምፁ ጆሮ እስኪደርስ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው 192 ኪሎ ሄርዝ (ድምፁ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ የሚያሳየው ቁጥር) ከእነዚህ ከሁለቱ በኋላ ይመጣል፤ ለጊታር ብዙ ጊዜ ጭራሽ አያስፈልግም።

ለቸኮለ ሰው መልሱ ይሄ ነው። በዩኤስቢ ድምፅ የሚልክ መልቲ ኢፌክት ወይም አምፕ ካላችሁ ምንም አትግዙ። ከሌላችሁና አንድ ዕቃ ብቻ የምትገዙ ከሆነ፣ የጊታር ግብዓትና የራሱ አሲዮ ድራይቨር (ዊንዶውስ ላይ መዘግየትን የሚቀንስ ሶፍትዌር) ያለው ትንሽ ኢንተርፌስ ግዙ። የዩኤስቢ ጊታር ኬብል የሚያዋጣው ቦታ ለጠበበውና ልምምዱን ብቻ ለሚቀዳ ነው። የላፕቶፑን ማይክ ቀዳዳ ተዉት።

ቀዳዳው ለምን ይወስናል?

ፒክአፕ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር፣ በማግኔት ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠር ዙር የተጠመጠመ፣ ፀጉር የመሰለ ሽቦ ነው። በመልቲሜትር ሲለካ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 15 ኪሎ ኦም ያሳያል። ፍሪኩዌንሲው ከፍ ሲል ግን ጥቅልል ስለሆነ ተቃውሞው ከዚህ ብዙ እጥፍ ይሆናል። እንዲህ ካለ ደካማ ምንጭ ላይ የሚቀበለው ቀዳዳ ብዙ ከረንት መሳብ የለበትም፤ የጊታር አምፕ ግብዓት 1 ሜጋ ኦም አካባቢ የሚሆነውም ለዚህ ነው። የኮምፒውተር ላይን ግብዓት በአሥር ሺዎች ኦም ይቆጠራል፤ የማይክ ግብዓት ደግሞ ጥቂት ሺህ ኦም ብቻ ነው። ግፊቱ ደካማ በሆነ የውሃ መስመር ላይ ሰፊ ቧንቧ ከከፈታችሁ ውሃው ይሞታል። እዚህም እንደዚያው ነው፤ ቀድሞ የሚሞተው ትሬብሉ (ቀጭኑ፣ ጥርት ያለው ድምፅ) ነው።

እያንዳንዱ ፒክአፕ ከ2 እስከ 5 ኪሎ ሄርዝ ባለው ክልል ውስጥ የራሱ የሆነ ጎላ ያለ ቦታ አለው፤ ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅልል ፒክአፕ) ከሀምበከር (ባለ ሁለት ጥቅልል) በጆሮ የሚለይበት አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ግብዓቱ ሲጫነው ያ ጉብታ ይደፈጠጣል፤ የፒኩ «ጠቅ» የምትለው ድምፅ ትጠፋለች፤ ጊታሩ ብርድ ልብስ ለብሶ የሚጫወት ይመስላል። ኋላ በኢኪው (በቃና ማስተካከያ) ትሬብል መጨመር የጠፋውን አይመልስም፤ የሚያጎላው «ሽሽሽ» የሚለውን ኖይዝ ነው።

ይህን ያለ ምንም መሣሪያ መፈተን ይቻላል። የጊታሩን ቶን 10 ላይ አድርጋችሁ አንድ ኮርድ ምቱ፤ ቀስ እያላችሁ ወደ 7፣ ከዚያ ወደ 6 አውርዱና ደግማችሁ ምቱ። ጤነኛ ግብዓት ላይ ልዩነቱ ይሰማል። ቶኑ እስከ 4 እና 3 እስኪወርድ ምንም ካልተቀየረ፣ ግብዓቱ ራሱ ትሬብሉን አስቀድሞ በልቶታል ማለት ነው። በሰው እጅ ያለ ኢንተርፌስ ወይም ስም የሌለው የዩኤስቢ ኬብል ከመግዛታችሁ በፊት ይህችን ሙከራ አድርጉ፤ አንድ ደቂቃ አትፈጅም።

ኢንተርፌሶች ላይ ትክክለኛው ቀዳዳ «ኢንስት» ወይም «ሃይ-ዚ» ተብሎ ይጻፍበታል፣ ወይም የጊታር ሥዕል ይኖረዋል። አንዳንዶቹ ላይ ቀዳዳው አንድ ሆኖ «ላይን» እና «ኢንስት» የሚቀያይር ቁልፍ ከጎኑ አለ። ዕቃው አዲስ ሆኖ ድምፁ ደብዛዛና ደካማ የሚሆንባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ቁልፉን ላይን ላይ ትተውት ነው።

ኬብሉም ድርሻ አለው። የጊታር ኬብል በየሜትሩ 100 ፒኮ ፋራድ ገደማ ካፓሲታንስ አለው፤ ርዝመቱ ሲጨምር ትሬብሉ ይቀንሳል። ኮምፒውተር አጠገብ ለተቀመጠ ሰው 3 ሜትር ከበቂ በላይ ነው። የስፒከር ኬብል ጃኩ ቢገጥምም ሺልድ (ጫጫታ የሚከላከል መሸፈኛ) የለውም፤ አንቴና ሆኖ ኸም («እምምም» የሚል ጫጫታ) ይሰበስባል።

የላፕቶፑ የራሱ ቀዳዳ

ከ6.35 ወደ 3.5 ሚሊ ሜትር የሚቀይር ቁራጭ ከሁሉም ርካሹ ነው፤ ውጤቱም ከሁሉም የከፋው ነው። የማይክ ቀዳዳው ለትንንሽ ማይኮች ጥቂት ቮልት ዲሲ ያወጣል፤ ግብዓቱ ፒክአፑን ይጫነዋል፤ ውስጡ ያለው ማጉያ ደግሞ ለሹክሹክታ የተሠራ ስለሆነ ጠንከር ብሎ የተመታ ኮርድ ይሰነጠቅበታል። የአሁኖቹ ላፕቶፖች ማይክና ሄድፎን በአንድ ባለ አራት ንክኪ ቀዳዳ ነው የሚያስገቡት፤ ተራ የሞኖ ጃክ ሲሰካበት የማይኩን መስመር ከግራውንድ ጋር ያገናኘዋል፤ ኮምፒውተሩም ማይክ መሰካቱን ጭራሽ ላያውቅ ይችላል። ድምፅ ቢገባም ዊንዶውስ ላይ ለንግግር ተብሎ የሚሠራው የኖይዝ ማጥፊያ ይጠብቃችኋል። ረዥም የተያዘ ኖት ለእሱ የማይለዋወጥ ጫጫታ ነው፤ ስለዚህ ሰስቴኑን እየቆረጠ ይጥለዋል።

አንድ ብልሃት ግን አለ፤ ወጪ የለውም። የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ካላችሁ ከኋላ ሰማያዊ የላይን ግብዓት ብዙ ጊዜ ይኖረዋል (ሮዙ የማይክ ነው)። ጊታሩን መጀመሪያ በፈር (ደካማውን ምልክት አጠንክሮ የሚያሳልፍ ሰርኪዩት) ባለው ፔዳል ውስጥ አሳልፉትና ከፔዳሉ ወደ ሰማያዊው ቀዳዳ አስገቡ። የቦስ ፔዳሎች ግብዓት 1 ሜጋ ኦም አካባቢ፣ መውጫቸው ደግሞ 1 ኪሎ ኦም አካባቢ ነው፤ ተዘግተው እንኳ በፈራቸው ይሠራል፤ ስለዚህ ተራ ቱነር ፔዳል የጎደለውን ይሞላል። ትሩ ባይፓስ ፔዳል ከሆነ ግን ሲጠፋ ሽቦ ብቻ ስለሚሆን በርቶ መቆየት አለበት። በዚህ መንገድ የተቀዳ ንጹሕ ጊታር ሰው ከሚገምተው በላይ ጥሩ ይወጣል። የሚያንሰው መዘግየቱ ላይና የማዘርቦርዱ የራሱ ጫጫታ ላይ ነው።

የዩኤስቢ ጊታር ኬብል

ከውጭ ሲያዩት ተራ ኬብል ነው፤ አንዱ ጫፍ ውስጥ ግን ድምፁን ወደ ዲጂታል የሚቀይር ቺፕ ተቀምጧል። ለሮክስሚዝ ጨዋታ የተሠራው ሪል ቶን ኬብል ከእነዚህ የታወቀው ነው፤ በ16 ቢት፣ በ48 ኪሎ ሄርዝ፣ በሞኖ ይቀዳል። ቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ ሌላ ሳጥን አይፈልግም፤ ቀዳዳውም ለጊታር የታሰበ ነው።

ጉድለቱ የሚታየው ሥራ ሲጀመር ነው። ጌይን (የሚገባው ድምፅ የሚጎላበትን መጠን) የሚቆጣጠር ቁልፍ የለውም፤ ጉልበተኛ ሀምበከር ያለው ጊታር ጠንከር ሲባል ክሊፕ ያደርጋል (ድምፁ ከልክ አልፎ ይሰነጠቃል)፤ መፍትሔው ፒክአፑን በብሎኖቹ ትንሽ ከክሮቹ ማራቅ ነው። የጊታሩን ቮልዩም መቀነስም ይሆናል፤ ብዙ ጊታሮች ላይ ግን ትሬብሉን አብሮ ይወስዳል። ዋናው ችግር ሌላ ነው፦ አብዛኞቹ ኬብሎች የሄድፎን መውጫ የላቸውም። ድምፅ የሚገባው በኬብሉ፣ የሚወጣው በላፕቶፑ ሳውንድ ካርድ ይሆናል፤ ሁለት ዕቃ፣ ሁለት የጊዜ መቁጠሪያ። ሁለቱ በጥቂቱ ይዛነፋሉ፤ ከደቂቃዎች በኋላ «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ይመጣል። ዊንዶውስ ላይ አሲዮ4ኦል የሚባለው ነጻ ድራይቨር ሁለቱን እንደ አንድ ያቀርባቸዋል። ማክ ላይ ሁለቱን የሚያጣምር «አግሪጌት ዲቫይስ» ተፈጥሮ የድሪፍት (የመዛነፍ) ማስተካከያው ምልክት ይደረግበታል። ይሠራል፤ ግን ከኢንተርፌስ ጋር ሲነጻጸር ሁልጊዜ የሚነካካ ነገር አያጣም።

ኢንተርፌስ

አንድ ጊታር ለሚቀዳ ሰው ትንንሾቹ ይበቃሉ። የቤሪንገር ዩኤም2 እና የኤም-ኦዲዮ ኤም-ትራክ ሶሎ እስከ 48 ኪሎ ሄርዝ በ16 ቢት ይሠራሉ። ዩኤምሲ202ኤችዲ እና የፎከስራይት ስካርሌት ሶሎ 24 ቢት ናቸው፤ ፍጥነታቸውም እስከ 192 ኪሎ ሄርዝ ይደርሳል። ሁሉም የጊታር ግብዓትና የሄድፎን መውጫ አላቸው።

በ16 እና በ24 ቢት መካከል ያለው ልዩነት ስንት ነው? 16 ቢት በስሌት 96 ዴሲቤል ቦታ ይሰጣል። ክሊፕ እንዳያደርግ 12 ዴሲቤል ዝቅ ብላችሁ ብትቀዱ 84 ይቀራል። ንጹሕ ድምፅ ላይ ይህ ችግር የለበትም። ከባድ ዲስቶርሽን (ድምፁን ሆን ብሎ የሚያሻክር ኢፌክት) ግን ምልክቱን ከ40 እስከ 50 ዴሲቤል ያነሣዋል፤ ከታች የተኛውን ኖይዝም አብሮ ያነሣል። ያም ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ የፒክአፑ የራሱ ኸም ከ16 ቢቱ ወለል በላይ ነው፤ ስለዚህ 16 ቢት ቀረጻውን አያበላሽም። 24 ቢት የሚሰጠው ነጻነት ነው፦ ዝቅ አድርጋችሁ ብትቀዱም ምንም አይጎድልባችሁም።

ትንሽ ጨምሮ ከፍ ያለውን መግዛት የሚያዋጣበት እውነተኛው ምክንያት ድራይቨሩ ነው። አሲዮ ስታይንበርግ ያወጣው፣ ዊንዶውስ በድምፅ መንገድ ላይ የሚደረድራቸውን ንብርብሮች ዘሎ የሚያልፍ አሠራር ነው። አምራቹ ራሱ ለዕቃው የጻፈው አሲዮ ድራይቨር ካለ መዘግየቱ ዝቅ ይላል፤ ተረጋግቶም ይሠራል። እንደ ዩኤም2 ያሉት ርካሾቹ ዊንዶውስ ላይ ብዙ ጊዜ በአሲዮ4ኦል ነው የሚጫወቱት፤ እሱ የዊንዶውስን ድራይቨር ከላይ የሚሸፍን ነው እንጂ የሚተካ አይደለም። ማክ ካላችሁ ይህ ክርክር አይመለከታችሁም፤ ኮር ኦዲዮ ርካሹንም ውዱንም በደንብ ያስተናግዳል። ስለዚህ ማክ ያለው ሰው ርካሹን ቢገዛ አይቆጭም፤ ዊንዶውስ ያለው ግን ገንዘቡን ድራይቨሩ ላይ ያውለው።

ወደፊት ድምፃችሁንም አብራችሁ የምትቀዱ ከሆነ ማይክና ጊታር በአንድ ጊዜ፣ በተለያየ ትራክ የሚቀበል መሆኑን አረጋግጡ። «48 ቮልት» የሚለው ቁልፍ ኃይል የሚልከው ወደ ኤክስኤልአር ቀዳዳው ነው፤ ለጊታር አያስፈልግም፤ አጥፉት።

በሰው እጅ የቆየ ስትገዙ መሰኪያው ፋየርዋየር (የቀድሞ ዓይነት መሰኪያ) የሆነውን በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ፤ የሚሰካበት ላፕቶፕ ማግኘት ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ዩኤስቢ ከሆነ ገመዱን ሰክታችሁ ቀዳዳውን በጣት ቀስ አድርጋችሁ ነቅንቁት፤ ግንኙነቱ ከተቋረጠ ሶኬቱ ላልቷል። ጌይኑን ከዳር እስከ ዳር አዙሩት፤ «ክርክር» ካለ ፖቱ (ከቁልፉ ሥር የሚዞረው ክፍል) ቆሽሿል፤ ይህኛው በኮንታክት ክሊነር ይስተካከላል። አምራቹ ለአሁኑ ዊንዶውስ ድራይቨር ማውጣቱንም ከመክፈላችሁ በፊት እዩ።

መልቲ ኢፌክትና ዩኤስቢ ያለው አምፕ

እንደ ቦስ ጂቲ-1፣ እንደ ላይን 6 ፖድ ጎ እና ኤችኤክስ ስቶምፕ ያሉት ራሳቸው ኢንተርፌስ ናቸው፤ የቦስ ካታና አምፖችም በዩኤስቢ ድምፅ ይልካሉ። ትልቁ ጥቅማቸው አምፑና ኢፌክቱ የሚሠራው ሳጥኑ ውስጥ መሆኑ ነው። ኮምፒውተሩ የሚጠበቅበት መቅዳት ብቻ ስለሆነ የአሥር ዓመት ላፕቶፕ እንኳ አይጨነቅም፤ ሄድፎኑን ከሳጥኑ ስለምትሰሙም መዘግየት የለም።

ጉዳቱ የተቀዳው ድምፅ የተቀዳው ሆኖ መቅረቱ ነው። ዲስቶርሽኑ በዝቶ ቢገኝ እንደገና መጫወት ነው። አንዳንዶቹ ኢፌክት የገባበትንና ደረቁን ድምፅ በተለያየ ቻናል አብረው ይልካሉ፤ የእናንተው ይህን የሚችል ከሆነ ሁልጊዜ ሁለቱንም ቅዱ።

አንድ ወጥመድ አለ፦ የዩኤስቢ ቀዳዳ መኖሩ ድምፅ ይልካል ማለት አይደለም። ለምሳሌ የዙም ጂ1 ፎር ዩኤስቢ ለኃይልና ለማስተካከያ ሶፍትዌር ነው እንጂ ኦዲዮ አያስተላልፍም። መመሪያው ላይ «ኦዲዮ ኢንተርፌስ» የሚል ቃል ፈልጉ፤ «ዩኤስቢ» የሚለው ብቻ አይበቃም። ድምፅ የማይልክ ከሆነ ከመውጫው ወደ ኢንተርፌስ ወይም ወደ ሰማያዊው ላይን ግብዓት አስገቡት፤ ግን የካቢኔት ሲሙሌሽኑን (የስፒከር ድምፅ ማስመሰያውን) አብሩ። ከአምፕ ፊት ሲሆን የሚጠፋ፣ በቀጥታ ሲቀዳ የሚበራ ነገር ነው።

ዩኤስቢ የሌለው ትንሽ የልምምድ አምፕ ካላችሁ የሄድፎን መውጫውን ወደ ላይን ግብዓት መሳብ ትችላላችሁ፤ ቮልዩሙን ከዝቅተኛው ጀምራችሁ ጨምሩ። ከስፒከር መውጫ ግን በፍጹም አትሳቡ፤ ያ ኃይል ግብዓቱን ያቃጥለዋል። ቲዩብ አምፕ ከሆነ ደግሞ ስፒከር ወይም ሎድ ቦክስ (የስፒከርን ቦታ የሚተካ ሳጥን) ሳይሰካበት ማብራት የአምፑን የራሱን ትራንስፎርመር ሊገድል ይችላል።

ዲአይ ቦክስ

ለጊታር ቀረጻ ብቻ ብላችሁ አትግዙት። የሚጠቅመው የማይክ ግብዓት ብቻ ያለው ዕቃ ወይም ዩኤስቢ ያለው ሚክሰር ቀድሞ ላለው ሰው ነው። ፓሲቭ የሚባለው በትራንስፎርመር የሚሠራ ሲሆን ግብዓቱ ከ140 እስከ 200 ኪሎ ኦም አካባቢ ይደርሳል፤ ኪቦርድ ላይ አይታወቅም፣ ሲንግል ኮይል ላይ ግን ትሬብሉ ትንሽ ይለሰልሳል። አክቲቩ 1 ሜጋ ኦም አካባቢ ስለሆነ ለጊታር ይሻላል፤ ከ48 ቮልት ወይም ከ9 ቮልት ባትሪ ኃይል ይፈልጋል።

መዘግየቱን በቁጥር

ኮምፒውተሩ ድምፁን አንድ በአንድ አይቀበልም፤ በፈር በሚባል ዕቃ (ከፔዳሉ በፈር ጋር የሚመሳሰለው በስም ብቻ ነው) ሰፍሮ ነው የሚወስደው። በ48 ኪሎ ሄርዝ 128 ሳምፕል (የድምፅ ልኬት) ያለው በፈር 2.7 ሚሊ ሴኮንድ ነው፤ 256 ሲሆን 5.3፣ 512 ሲሆን 10.7፣ 1024 ሲሆን 21.3 ይሆናል። ይህ በአንድ አቅጣጫ ነው፤ ሲገባም ሲወጣም ይሰፈራል፤ የመቀየሪያውና የዩኤስቢው ጊዜ ይጨመርበታል። ድምፅ በአየር ላይ በአንድ ሚሊ ሴኮንድ 34 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ስለዚህ ደርሶ መልሱ 10 ሚሊ ሴኮንድ ሲሆን አምፑ ከእናንተ ሦስት ሜትር ተኩል ርቆ እንደተቀመጠ ቁጠሩት። ይህ አይረብሽም። 20 ሲያልፍ ግን እጅ ሳያውቀው መጎተት ይጀምራል፤ ሪትሙ ይበላሻል፤ ተጫዋቹም ራሱን ይወቅሳል።

ስትቀዱ 128 ወይም 64 ላይ አድርጉ፤ ቀረጻው አልቆ ሚክስ ስትገቡ 512 ወይም 1024 ላይ መልሱት። በ128 ድምፁ የሚንጣጣ ከሆነ ኢንተርፌሱን ከሃብ አውጥታችሁ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኩ፤ የኃይል አጠቃቀሙን ከፍተኛ አፈጻጸም ላይ አድርጉ፤ ዋይፋዩን አጥፍታችሁ ሞክሩ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልሆነ ኮምፒውተሩ አቅም የለውም። ያኔ በኢንተርፌሱ ዳይሬክት ሞኒተር (ድምፁን በኮምፒውተሩ ሳያሳልፍ ወደ ሄድፎን የሚልከው ቁልፍ) ደረቁን ድምፅ እየሰማችሁ ቅዱና አምፑን በኋላ ጨምሩበት። ዲስቶርሽን ሳይሰሙ ሮክ መጫወት እንደማይጥም እናውቃለን፤ ከጊታሩ ቀጥሎ አንድ የኦቨርድራይቭ ፔዳል ማስገባት ግማሹን ችግር ያቃልላል።

ሶፍትዌሩ

ማክ ላይ ጋራዥባንድ ነጻ ነው፣ አምፖቹም ውስጡ አሉ። ሪፐር ለ60 ቀን ሙሉውን ያስሞክራል፤ ደካማ ኮምፒውተር ላይም ቀላል ነው። ኦዳሲቲ ለመቅዳት ይሆናል፤ ግን እየተጫወታችሁ ድምፃችሁን በአምፕ ፕለጊን (አምፕን በሚያስመስል ሶፍትዌር) ውስጥ አያሰማችሁም። ከአምፕ ፕለጊኖች ጊታር ሪግ እና አምፕሊቲዩብ ነጻ እትም አላቸው፤ ኒውራል አምፕ ሞዴለር ደግሞ ጨርሶ ነጻ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው።

እዚህ ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚሰናከልበት ነገር አለ። ደረቅ ድምፅ ላይ ዲስቶርሽን ብቻ ሲጨመር ጠርሙስ ውስጥ የታሸገ ንብ ይመስላል። ይህ የዕቃው ርካሽነት አይደለም። የጊታር ስፒከር ከ5 ኪሎ ሄርዝ በላይ ያለውን አብዛኛውን ነገር ይቆርጣል፤ ያ ቁርጥ የሌለበት ዲስቶርሽን ለጆሮ አይቻልም። መፍትሔው የስፒከር ካቢኔት አይአር ነው፤ የስፒከሩን የድምፅ ጠባይ የያዘች፣ ከሰከንድ ያነሰች ትንሽ የዌቭ ፋይል ናት፤ ከአምፕ ሞዴሉ ቀጥሎ ትጫናለች። የኒውራል አምፕ ሞዴለር ፋይሎች አንዳንዶቹ የአምፑን ራስ ብቻ ይይዛሉ፣ አንዳንዶቹ ካቢኔቱንም ጭምር። ካቢኔት ባለበት ላይ ሌላ አይአር ከጨመራችሁ ድምፁ ጓዳ ውስጥ እንደተዘጋበት ይታፈናል።

ከተሰካ በኋላ

ኢንተርፌሱ ላይ ጌይኑን መጨረሻው ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ። ትራኩን ሞኖ አድርጉና የጊታሩን ግብዓት ምረጡ። የጊታሩን ቮልዩም ሙሉ ክፈቱ፤ ሙሉ ኮርድ በምትጫወቱት ልክ ሳይሆን ተናዳችሁ እንደምትመቱት አድርጋችሁ ምቱ፤ ሰው ቀረጻ ሲጀመር ከልምምዱ አብልጦ ይመታልና። ከፍተኛው ጫፍ −12 ዴሲቤል አካባቢ እስኪደርስ ጌይኑን ጨምሩ። ቀዩ መብራት አንዴም ብልጭ ማለት የለበትም፤ የዲጂታል ክሊፕ እንደ አምፕ ዲስቶርሽን አይጥምም፣ ኋላም አይወጣም። ጌይኑ መጨረሻው ዝቅ ብሎም የሚሰነጠቅ ከሆነ ኢንተርፌሱ ላይ ፓድ የሚል፣ ግብዓቱን የሚቀንስ ቁልፍ ካለ ተጫኑት፤ ከሌለ ፒክአፑን ዝቅ አድርጉ።

አምፕ ፕለጊኑን ትራኩ ላይ አድርጉት፤ ፋይሉ ላይ የሚጻፈው ደረቁ ድምፅ ይሆናል፣ የአምፑን ምርጫ ነገም መቀየር ይቻላል። ሪትም ጊታር ሰፋ እንዲል ከፈለጋችሁ ያንኑ ትራክ ቀድታችሁ ግራና ቀኝ አታድርጉት፤ ሁለት ቅጂ መሃል ላይ የጎላ አንድ ጊታር ነው። ሁለት ጊዜ ተጫውታችሁ አንዱን ግራ፣ አንዱን ቀኝ አድርጉ።

የሚያጋጥሙ ብልሽቶች

ድምፁ በቀኝ ጆሮ ብቻ ከመጣ፣ ትራኩ ስቴሪዮ ሆኖ ጊታሩ ሁለተኛው ቻናል ላይ ነው። ዩኤም2 ላይ ማይኩ ግብዓት 1፣ ጊታሩ ግብዓት 2 ነው፤ ትራኩን ሞኖ አድርጋችሁ ግብዓት 2ን ምረጡ።

እያንዳንዱ ኖት ሁለት ጊዜ የሚሰማ፣ ወይም ቧንቧ ውስጥ ያለ የሚመስል ከሆነ ዳይሬክት ሞኒተሩና ፕለጊኑ አብረው በርተዋል። ደረቁ ቀድሞ፣ የተቀነባበረው ዘግይቶ ይመጣል። ዳይሬክት ሞኒተሩን አጥፉ።

የተቀዳው ሲሰማ ቁልቁል ወርዶ የዘገየ፣ ወይም ሽቅብ ወጥቶ የፈጠነ ከሆነ ዕቃው 48፣ ፕሮጀክቱ 44.1 ኪሎ ሄርዝ ላይ ነው ወይም በግልባጩ። ልዩነቱ ወደ አንድ ተኩል ሴሚቶን ስለሚጠጋ ብዙዎች ጊታሩን እንደገና መቃኘት ይጀምራሉ። ቅኝቱን ተዉትና ሁለቱን ቁጥሮች አስተካክሉ።

«ጢዝዝ» የሚል ቀጭን፣ የማይለዋወጥ ፉጨት 1 ኪሎ ሄርዝ አካባቢ ከተሰማ ከዩኤስቢ መስመሩ የሚመጣ ነው፤ ዩኤስቢ በየሚሊ ሴኮንዱ ፓኬት ስለሚልክ። የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉና ስሙ። ከጠፋ የግራውንድ ሉፕ (ዕቃዎቹ በሁለት መንገድ ከግራውንድ ሲገናኙ የሚፈጠር ጫጫታ) ነው፤ በባትሪ ቅዱ፣ ወይም ላፕቶፑንና ሌላውን ዕቃ ከአንድ ማከፋፈያ ሰኩ። የቻርጀሩን የግራውንድ እግር መቁረጥ ወይም በቴፕ መሸፈን መፍትሔ አይደለም፤ ሰው ይገድላል።

ወፍራሙ «እምምም» ግን ሌላ ነው። ጊታሩን ይዛችሁ ወንበሩ ላይ ቀስ ብላችሁ ዙሩ። አቅጣጫ ስትቀይሩ ከፍ ዝቅ ካለ፣ ፒክአፑ ከትራንስፎርመር ወይም ከቻርጀር የሚወጣውን የማግኔት መስክ እየሰማ ነው፤ ሲንግል ኮይል ላይ ይብሳል። ከሞኒተሩ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ራቁና ጸጥ የሚልበትን ማዕዘን ፈልጋችሁ እዚያው ተቀምጣችሁ ቅዱ። አቅጣጫ ሳይሆን ክሩን ስትነኩ የሚቀንስ ከሆነ ደግሞ ጊታሩ ውስጡ ሺልድ የለውም። የፒክአፑን ጉድጓድ በመዳብ ቴፕ ሸፍኖ ቴፑን ከፖቱ ጀርባ ጋር በሽቦ መበየድ ይቀንሰዋል። ክሩን ስትነኩ ከመቀነስ ይልቅ የሚጨምር ከሆነ ግን ከብሪጁ ወደ ፖቱ የሚሄደው ሽቦ ተበጥሷል ወይም የጃኩ ሁለት ሽቦዎች ተገለባብጠዋል፤ የጃኩን ክዳን ብሎኖች ፈትታችሁ ሺልዱ ከጃኩ እጅጌ፣ መሃለኛው ሽቦ ከጫፉ ጋር መበየዱን እዩ።